በስርቆት ሲከሰሱ፦ «ጥፋተኛ ነኝ» ከማለትዎ በፊት

በአሜሪካ ከመደብር ዕቃ ሳይከፍሉ ይዘው ሊወጡ ሲሉ ተያዙ ተብሎ የሚመሠረት ክስ የታችኞቹን ፍርድ ቤቶች ከሚያጨናንቁት ጉዳዮች አንዱ ነው። ዳኛው መዝገቡ እንዲዘጋ ይፈልጋል፣ ዐቃቤ ሕጉም እንደዚያው፤ ተከሳሹ ደግሞ ከሁሉ በላይ ከውርደቱ መገላገል ይፈልጋል። ስለዚህ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች «ጥፋተኛ ነኝ ይበሉ፣ እስር የለም፣ መቀጫ ከፍለው ይሄዳሉ» የሚል ሐሳብ መቅረቡ የተለመደ ነው። ለአሜሪካ ዜጋ ይህ መጥፎ ግን የሚቻል ነገር ሊሆን ይችላል። ግሪን ካርድ ለያዘ፣ ጥገኝነት ጠይቆ ለሚጠባበቅ ወይም በቪዛ ላለ ሰው ግን ከመቀጫው ጀርባ ሌላ ክስ ሊከተል ይችላል። የዚህ መመሪያ መከራከሪያም ይኸው ነው፦ ዜግነት ለሌለው ሰው የስርቆት ክስ ክብደቱ ያለው ጉዳዩ በተዘጋበት ወረቀት ላይ በተጻፈው ላይ ነው፤ የዕቃው ዋጋና የእስሩ ርዝመት ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ስለሆነም ጠበቃ የሚያስፈልገው የእምነት ክህደት ቃል ከመስጠት በፊት ሲሆን፣ ለጠበቃው የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄም ስለ ኢሚግሬሽን መሆን አለበት።

አንድ ጃኬት፣ ሦስት ሕጎች

ነገሩን በቅርብ ለማየት ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበትን የዋሽንግተን አካባቢ እንውሰድ። ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ ያድራል፣ ዲሲ ይሠራል፣ አሌክሳንድሪያ ዘመድ ይጠይቃል፤ በአንድ ቀን ሦስት የሕግ ግዛቶች ያቋርጣል። እንበልና ዋጋው 120 ዶላር የሆነ ጃኬት ተሰረቀ ተብሎ ክስ ተመሠረተ። ዲሲ ውስጥ ከ1,000 ዶላር በታች የሆነ ስርቆት ሁለተኛ ደረጃ ስርቆት ሲሆን ከፍተኛው ቅጣት 180 ቀን እስር ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ዋጋው ከ100 እስከ 1,500 ዶላር ባለው እርከን ውስጥ ስለሚወድቅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋተኛ ለተባለ ሰው ጣሪያው ስድስት ወር ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ግን ከ1,000 ዶላር በታች የሆነ ስርቆት አንደኛ መደብ ሚስዲሚነር (ቀላል ወንጀል) ነው፤ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር መቀጫ ያስቀጣል። ጃኬቱ ያው ነው፤ ድርጊቱም ያው ነው፤ ለውጡ የፖቶማክን ወንዝ መሻገር አለመሻገር ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት የሚያስጨንቀው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከሰስ 12 ወር ይታሰራል ተብሎ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ አንድ ቀንም አይታሰርም። የሚያስጨንቀው የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ የሚመለከተው የተፈረደውን ብቻ ባለመሆኑ ነው፤ ሊፈረድ ይችል የነበረውንም ይመለከታል። በዚህ ሕግ ስርቆት አብዛኛውን ጊዜ የሞራል ውድቀት ከሚያሳዩ ወንጀሎች ይመደባል። እንዲህ ያለ ወንጀል አገር ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ከገቡ በአምስት ዓመት ውስጥ ከተፈጸመና አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሊያሳስር የሚችል ከሆነ፣ ግሪን ካርድ ያለውንም ሰው ከአገር ለማስወጣት ምክንያት ይሆናል። የቨርጂኒያ 12 ወር ይህን መስመር በትክክል ይነካዋል፤ የዲሲው 180 ቀንና የሜሪላንዱ ስድስት ወር አይደርሱበትም። በዲቪ ከአገር ቤት የመጣ ሰው አምስቱ ዓመት የሚቆጠርበት ቀን በግሪን ካርድ ከአውሮፕላን የወረደበት ቀን ነው። ስለዚህ አዲስ መጤ የሆነው፣ ስለ ሕጉ ብዙም የማያውቀውና ገንዘብም ያልቋጠረው ሰው ነው ለአደጋው ይበልጥ የተጋለጠው።

አምስት ዓመት ያለፈው ሰውም «እኔን አይመለከተኝም» ማለት አይችልም። በተለያየ ጊዜ የተፈጸሙ ሁለት እንዲህ ያሉ ወንጀሎች፣ በየትኛውም ዓመት ቢሆኑ፣ ለብቻቸው ከአገር ለማስወጣት በቂ ምክንያት ናቸው። ከአሥር ዓመት በፊት «ትንሽ ነገር ነው» ተብሎ በመቀጫ የተዘጋ መዝገብ ዛሬ ከሚመጣው ጋር ተደምሮ ሁለት ይሆናል። ከዚህም የከፋው በፌዴራል ሕግ «አግራቬትድ ፌሎኒ» የሚባለው መደብ ነው፦ በስርቆት አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የተፈረደበት ሰው፣ ቅጣቱ ሙሉ በሙሉ በገደብ ተይዞ አንዲት ሌሊት ባይታሰር እንኳ፣ በዚህ መደብ ሊወድቅና ከመባረር የሚያድኑት አብዛኞቹ በሮች ሊዘጉበት ይችላሉ። ስያሜው ፌሎኒ (ከባድ ወንጀል) ይበል እንጂ በክልሉ ሕግ ሚስዲሚነር የሆነ ጉዳይም በዚህ መንገድ ሊያዝ ይችላል። በሌላ በኩል ሕጉ ለቀላል ጥፋት የተወው ቀዳዳም አለ፦ ከፍተኛ ቅጣቱ ከአንድ ዓመት የማይበልጥ፣ የተፈረደውም ከስድስት ወር ያልበለጠ፣ ብቸኛ የሆነ ጥፋት የቪዛና የግሪን ካርድ ማመልከቻን ላያሰናክል ይችላል። አንድ ፍርድ በአንደኛው ሕግ ሲያስባርር በሌላው ላያግድ ይችላል ማለት ነው። ይህን ያህል የተቆላለፈ ስሌት ተከሳሹ ችሎት ፊት ቆሞ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሊሠራው አይችልም።

«አልተፈረደብህም» የሚባለው ፍርድ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የክልል ፍርድ ቤቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚከሰስ ሰው ምሕረት የሚያደርጉባቸው ልዩ ልዩ መንገዶች አሏቸው፦ ጊዜ ሰጥተው ክሱን ያነሣሉ፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት ያሠራሉ፣ ከዚያም «መዝገብህ ንጹሕ ነው» ይላሉ። በሜሪላንድ ብዙዎች ከትራፊክ ቅጣት ጋር አያይዘው የሚያውቁት «ፒቢጄ» (ፍርድ ሳይሰጥ በክትትል የማቆየት አሠራር) በክልሉ ሕግ እንደ ፍርድ አይቆጠርም። የኢሚግሬሽን ሕግ ግን የራሱ መለኪያ አለው። ሰውየው ጥፋተኛ ነኝ ካለ፣ ወይም ጥፋተኛ ለማለት የሚበቃ ፍሬ ነገር ካመነ፣ በዚያም ላይ ዳኛው ማንኛውንም ዓይነት ቅጣት፣ ክትትል ወይም ገደብ ካዘዘ፣ ክልሉ ስሙን ምንም ይበለው ምን፣ ለኢሚግሬሽን ፍርድ ሊሆን ይችላል። ጉዳዩ በኋላ ቢሰረዝም፣ ስረዛው ለመታረም ወይም ለምሕረት ተብሎ የተደረገ ከሆነ፣ በአብዛኛው አይጠቅምም።

በዲሲ ይህን በግልጽ የሚያሳዩ ሁለት ስምምነቶች አሉ። አንደኛው ክስ የማዘግየት ስምምነት ነው፦ ተከሳሹ ምንም ሳያምን የታዘዘውን ይፈጽማል፣ ዐቃቤ ሕጉም ክሱን ይተዋል። ሁለተኛው ቅጣት የማዘግየት ስምምነት ነው፦ ተከሳሹ መጀመሪያ ጥፋተኛ ነኝ ይላል፣ ግዴታውን ሲጨርስ ቃሉን ያነሣል። ሁለቱም በመጨረሻ ክሱን ወደ መተው ሊያደርሱ ይችላሉ፤ የሚሠራው አገልግሎትም ሊመሳሰል ይችላል። በሁለተኛው ግን «ጥፋተኛ ነኝ» የሚለው ቃል በዳኛ ፊት ተነግሯልና የኢሚግሬሽን ባለሥልጣን ያንን ይዞ ሊከራከር ይችላል። ዜጋ የሆነ ጓደኛ «እኔም እንደዚያ አድርጌ ነው የተገላገልኩት» ብሎ የሚሰጠው ምክር አደገኛ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ እሱ እውነቱን ነው፣ ሁኔታው ግን የእርስዎ አይደለም። ጠበቃዎን «ጥፋተኛ ነኝ ሳልል የሚዘጋበት መንገድ አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ዐቃቤ ሕግ ክሱን እንዲያነሣ፣ ጉዳዩ በእንጥልጥል እንዲቆይ፣ ወይም ስርቆት ባልሆነ ሌላ አነስተኛ አንቀጽ እንዲተካ መደራደር ይቻላል። ዐቃቤ ሕጎች ስለ ኢሚግሬሽን መዘዝ በማስረጃ ሲነገራቸው የሚለሳለሱበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን የሚያነሣላቸው ጠበቃ መኖር አለበት።

ክሱ ብቻውን ሲያሳስር

እስካሁን የተባለው ፍርድን የሚመለከት ነው። ጥር 2025 በፕሬዚዳንቱ የተፈረመው «ሌከን ራይሊ አክት» የተባለው ሕግ ደግሞ ለአንዳንድ ሰዎች መስመሩን ወደ ፊት አምጥቶታል። ያለ ፍተሻ ድንበር ተሻግረው የገቡ፣ በተጭበረበረ ሰነድ የገቡ ወይም ተገቢው የመግቢያ ሰነድ የሌላቸው ሰዎች በስርቆት ወይም ከሱቅ ዕቃ በመውሰድ ከተከሰሱ፣ ከተያዙ ወይም ከተፈረደባቸው፣ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ያለ ዋስ እንዲይዛቸው ሕጉ ያስገድዳል። በላቲን አሜሪካ አቆራርጠው በሜክሲኮ ድንበር ገብተው ጥገኝነት የጠየቁ ወገኖቻችንን ይህ በቀጥታ ይመለከታቸዋል፤ ጥፋተኝነት መረጋገጡን አይጠብቅም። ግሪን ካርድ ያላቸው ሰዎች በአብዛኛው በዚህ ሕግ አይያዙም። ፖሊስ ጣቢያ የሚወሰደው የጣት አሻራ ለፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ክፍልም እንደሚደርስ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዘመድ የታሰረበት ቤተሰብ የዋስ ገንዘብ ለመክፈል ከመሮጡ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር፤ አንዳንድ ጊዜ ዋሱ ሲከፈል የሚከተለው ወደ ቤት መሄድ ሳይሆን ወደ ሌላ እስር መዛወር ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

ጠበቃ ከመገኘቱ በፊት በሚያልፉት ሰዓታት ብዙ ጉዳይ ይበላሻል። በመደብሩ በር ላይ የሚያስቆሙዎት አብዛኛውን ጊዜ የሱቁ ጥበቃ ሠራተኞች እንጂ ፖሊሶች አይደሉም። ወደ ኋላ ክፍል አስገብተው የሚያስፈርሙት ወረቀት ሊኖራቸው ይችላል፤ «ዕቃውን ሳልከፍል ወስጃለሁ» የሚል ቃል በውስጡ ሊኖር ይችላል። ፖሊስ በያዘው ሰው ላይ ያለበት «ዝም የማለት መብት አለህ» ብሎ የማስጠንቀቅ ግዴታ እነዚህን ሠራተኞች በአብዛኛው አይመለከትም፤ የፈረሙት ግን ፍርድ ቤት ይቀርባል። በእኛ ባህል ስህተት ሲገኝ ቀድሞ ይቅርታ መጠየቅ ጨዋነት ነው፤ ክርክሩን ያበርዳል፣ የተቆጣውን ያረጋጋል። በዚያ ክፍል ውስጥ ግን ይቅርታው ተጽፎ ማስረጃ ይሆናል። ስምዎንና አድራሻዎን በትክክል ይስጡ፣ አይታገሉ፣ አይሩጡ፤ ከዚያ ውጭ «ያለ ጠበቃ መናገርም መፈረምም አልፈልግም» ማለት ይበቃል። ለፖሊስ ሐሰተኛ ስም መስጠት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ከዚያም የሚብሰው በሐሰት የአሜሪካ ዜጋ ነኝ ማለት ነው፤ ይህ ለዘለቄታው የኢሚግሬሽንን በር ሊዘጋ ይችላል። የት እንደተወለዱ ለመናገር ግን አይገደዱም።

ስርቆት ለመባል ሐሳብ ያስፈልጋል፤ የዘነጋ ሰው ሌባ አይደለም። ሆኖም ሐሳብ የሚታየው በድርጊት ነው። በቨርጂኒያ ሕግ ገና ከመደብሩ ሳይወጡ ዕቃ ሆን ብሎ መደበቅ ለመስረቅ አስበዋል ለማለት የመነሻ ማስረጃ ይሆናል። ስለዚህ ዕቃን ጋሪ ውስጥ ከማድረግ ይልቅ የራስን ቦርሳ ውስጥ መክተት፣ ወይም ራስ በራስ በሚከፈልበት ማሽን ላይ ከአሥር ዕቃ ሁለቱን ሳያስነብቡ ማለፍ፣ በቅንነት የተደረገ ቢሆንም ማብራሪያ ይጠይቃል። ማብራሪያውን የሚያቀርበው ጠበቃው ነው፤ የእርስዎ ድርሻ ማስረጃውን ማቆየት ነው። ደረሰኙን፣ የባንክ ካርድዎን መዝገብ፣ በዕለቱ አብሮዎት የነበረውን ሰው ስም ይያዙ። የመደብሩ ቪዲዮ ለዘላለም አይቀመጥምና ጠበቃዎ እንዳይጠፋ በቶሎ በጽሑፍ ይጠይቅ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከመደብሩ ወይም ከወኪሉ ገንዘብ የሚጠይቅ ደብዳቤ ሊደርስዎ ይችላል። ይህ የፍትሐ ብሔር ጥያቄ ነው፤ ቢከፍሉትም የወንጀሉ ክስ አይቆምም። በዚህ ጊዜ ሽማግሌ የመላክ ሐሳብ ይመጣል፦ «ሥራ አስኪያጁን እናነጋግረው፣ ዕቃውን እንካሰው፣ ክሱን ይተውልን»። ለእኛ ነገር የሚበርደው እንዲህ ነውና ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን እዚህ ከሳሹ መንግሥት ነው፤ የሱቁ ሥራ አስኪያጅ ይቅር ቢል እንኳ ዐቃቤ ሕጉ ሊቀጥል ይችላል። ከዚህም ሌላ ሱቁ ተመልሰው እንዳይመጡ የሚከለክል ማስጠንቀቂያ ሰጥቶዎት ከሆነ ለሽምግልና ብለው መሄድዎ ሌላ ክስ ይወልዳል። ካሳ መክፈል የሚጠቅም ከሆነ ጠበቃው በድርድሩ ውስጥ ያስገባው።

ጠበቃ ከየት?

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1963 በጊዲዮን ጉዳይ፣ በከባድ ወንጀል የተከሰሰና መክፈል የማይችል ሰው መንግሥት ጠበቃ ሊያቆምለት እንደሚገባ ወሰነ። በ1972 መብቱ የእስር ቅጣት ወደሚጣልባቸው ቀላል ወንጀሎችም ሰፋ። በ1979 ደግሞ በተጨባጭ እስር ካልተፈረደ ይህ መብት ግዴታ እንዳልሆነ ተወሰነ። ይህ የመጨረሻው ውሳኔ ለእኛ ወሳኝ ነው። ለምሳሌ በቨርጂኒያ ዳኛው እስር እንደማይፈርድ በጽሑፍ ካሳወቀ ጉዳዩ ያለ መንግሥት ጠበቃ ሊቀጥል ይችላል። «እስር የለም» የሚለው ወሬ የምሥራች ይመስላል፤ ዜግነት ለሌለው ሰው ግን መቀጫውም ፍርዱም እንዳሉ ሆነው ጠበቃው ብቻ የቀረበት ማለት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሁኔታ ሲገጥም ቀጠሮ እንዲሰጥዎት ጠይቀው በራስዎ ወጪ ጠበቃ መያዝ ተገቢ ነው።

መክፈል ለማይችል ሰው አሠራሩ እንደየቦታው ይለያያል። በሜሪላንድ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ለማግኘት የሚያመለክቱት የዲስትሪክት ፍርድ ቤት ኮሚሽነር ዘንድ ነው፤ መጥሪያው እንደደረሰ ይሂዱ፤ የገቢ ማስረጃ ይያዙ። ለክርክሩ ቀን ያለ ጠበቃ ከቀረቡና በቂ ምክንያት ከሌለዎት ዳኛው በቸልታዎ መብትዎን እንደተዉት ሊቆጥረው ይችላል። በቨርጂኒያ ጥያቄው ለዳኛው በመጀመሪያው ቀጠሮ ይቀርባል፤ ጥፋተኛ ከተባሉ የጠበቃው ወጪ ከፊሉ ሊጠየቁ ይችላሉ። በዲሲ የተከላካይ ጠበቆች መሥሪያ ቤትና ፍርድ ቤቱ የሚመድባቸው የግል ጠበቆች አሉ። በሁሉም ቦታ ከቀጠሮ መቅረት የመያዣ ትእዛዝ ሊያስወጣ ይችላል፤ አሳፍሮኝ ነው፣ ሥራ ነበረብኝ ማለት አያድንም።

እዚህ ላይ በማኅበረሰባችን ዘወትር የሚነሣ ጥርጣሬ አለ፦ «የመንግሥት ጠበቃ የመንግሥት ሰው ነው፤ ከዐቃቤ ሕጉ ጋር አንድ ነው»። ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ ለመረዳት አይከብድም፤ ጠበቃና ዳኛ ከአንድ ቢሮ ደመወዝ ይቀበላሉ በሚባልበት አገር ያደገ ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ነገር ግን ተከላካዩ በሙያ ሥነ ምግባር የታሰረው ለደንበኛው ነው፤ የነገሩትን ምሥጢር ለዐቃቤ ሕግ ቢያወጣ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። በየቀኑ በዚያው ችሎት ስለሚቆም የትኛው ዐቃቤ ሕግ ምን እንደሚቀበል ያውቃል። እውነተኛው ድክመቱ ሌላ ነው፦ መዝገብ ይበዛበታል፣ ከእርስዎ ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ አጭር ነው። መድኃኒቱ ዝግጅት ነው። ወደ አሜሪካ የገቡበትን ቀን፣ የያዙትን የመኖሪያ ፈቃድ ዓይነት፣ ቀደም ሲል የነበረ ማናቸውንም ክስ፣ በሂደት ላይ ያለ የኢሚግሬሽን ማመልከቻና የጉዞ ዕቅድ በአንድ ገጽ ጽፈው ይስጡት። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፓዲላ ጉዳይ፣ ተከላካይ ጠበቃ ጥፋተኛ ነኝ ማለት የሚያስከትለውን የመባረር አደጋ ለደንበኛው መንገር ግዴታው እንደሆነ ወስኗል። ስለዚህ ምክሩን ሲጠይቁ ውለታ እየጠየቁ አይደለም፤ ብዙ የተከላካይ ቢሮዎችም ለዚሁ ሥራ የኢሚግሬሽን ባለሙያ አላቸው። ምክሩን በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ።

የግል ጠበቃ የሚይዙ ከሆነ ሦስት ነገር ያረጋግጡ፦ ፈቃዱ በክልሉ የጠበቆች መዝገብ የጸና መሆኑን፣ ክፍያው እስከምን ድረስ እንደሚሸፍን በጽሑፍ መቀመጡን፣ የወንጀል ጠበቃው ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ለመነጋገር ፈቃደኛ መሆኑን። የወንጀል ጠበቃ ስለ ኢሚግሬሽን «ምንም አይልህም» ብሎ ከገመተ፣ ግምቱን የሚያጸና ወይም የሚያፈርስ ሁለተኛ አስተያየት ይፈልጉ። ፎርም የሚሞሉ ጉዳይ አስፈጻሚዎች፣ የታክስ ባለሙያዎችና ኖታሪዎች ይህን ምክር ለመስጠት ሕግ አይፈቅድላቸውም፤ ከጠበቃ ውጭ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት የሚችለው በፍትሕ ሚኒስቴር እውቅና ያለው ተወካይ ብቻ ነው። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ስደተኞች «አዩዳ» የተባለው ድርጅት፣ በኢሚግሬሽን እስር ላይ ላሉ ደግሞ «አሚካ ሴንተር» የሕግ እርዳታ ይሰጣሉ።

ችሎት ፊት

በወንጀል ጉዳይ አስተርጓሚ በነፃ ይመደባል፤ ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ለፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። «ኢትዮጵያዊ ነኝ» ማለት አይበቃም፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ብለው አፍ የፈቱበትን ይንገሩ። እንግሊዝኛ ለሥራ ይበቃኛል የሚል ሰው እንኳ በዚህ ቀን አስተርጓሚ ቢጠቀም ይሻላል፤ ችሎቱ የሚጠይቀው ከሥራ ቦታው እንግሊዝኛ የተለየ ነው። በልጅ ወይም በዘመድ ማስተርጎም በሁለት በኩል ይጎዳል፦ ትርጉሙ ይዛባል፣ ገመናም ይወጣል። «የአገሬ ሰው ከሆነ ወሬዬን ያወጣዋል» የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው አስተርጓሚ እንዳይጠይቅ ያደርጋል፤ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ግን በምሥጢር ጠባቂነት ግዴታ የታሰረ ነው። ዳኛ ሲናገር ራስ መነቅነቅ በእኛ ዘንድ አክብሮት ነው፤ በመዝገቡ ላይ ግን «ገብቶኛል፣ ተስማምቻለሁ» ሆኖ ይሰፍራል። ያልገባዎትን አልገባኝም ይበሉ። ጠበቃ ሳያገኙ ቃልዎን ከተጠየቁ «ጥፋተኛ አይደለሁም፣ ጠበቃ እፈልጋለሁ» ማለት ውሸት አይደለም፤ መንግሥት ክሱን በማስረጃ ያረጋግጥ ማለት ነው።

ፍርዱ ከተሰጠ በኋላም ሁሉ አልተዘጋም፤ ጊዜው ግን አጭር ነው። በቨርጂኒያ ጀኔራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት የተፈረደበት ሰው በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ካለ ጉዳዩ በሰርኪዩት ፍርድ ቤት እንደ አዲስ ይታያል፤ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ የነበረ ቢሆንም። በሜሪላንድ ጊዜው 30 ቀን ነው። ግሪን ካርድ ይዞ የተፈረደበት ሰው ከጠበቃ ሳይመክር ለሠርግ ወይም ለለቅሶ አገር ቤት አይሂድ፤ ሲመለስ ደለስ ኤርፖርት ላይ እንደ አዲስ አመልካች ሊጠየቅ ይችላልና። መዝገብ ከማሰረዝ በፊትም ማኅተም ያለው የውሳኔ ግልባጭ ያስቀሩ፤ የዜግነት ማመልከቻው የተሰረዘውንም ክስ ይጠይቃል፣ ወረቀቱም ያኔ ያስፈልጋል።

ሦስት መከራከሪያዎች

ይህን ሁሉ ሰምቶ «እኔ ንጹሕ ነኝ፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚል አለ። እውነት እያደር መጥራቱ አይካድም፤ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ግን አያድርም። ዳኛው የሚወስነው በዕለቱ በቀረበለት ነው፤ ቪዲዮው ካልተጠየቀ፣ ደረሰኙ ካልቀረበ፣ የጥበቃው ምስክርነት ካልተፈተነ፣ እውነቱ የሚጠራው መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ይሆናል። ንጹሕ ሰው እንዲያውም ይበልጥ ጠበቃ ያስፈልገዋል፤ የሚያጣው ሙሉ በሙሉ ያለ ጥፋቱ ነውና።

ሁለተኛው ስለ ገንዘብ ነው፦ «ለ120 ዶላር ጃኬት ሺህ ዶላር ለጠበቃ?» ስሌቱ ትክክል የሚሆነው የሚከራከሩት ስለ ጃኬቱ ቢሆን ነበር። የሚከራከሩት ግን ስለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ቤተሰብ ለማምጣት ስላስገቡት ማመልከቻ፣ አንዳንዴም ስለ ሥራ ነው። በአረጋውያን እንክብካቤ፣ በነርስነት፣ በኤርፖርት ወይም ገንዘብ በሚያዝበት ሥራ ላይ ያለ ሰው ዜጋ ቢሆንም እንኳ ቀጣሪ ያለፈ ታሪኩን ሲያጣራ በስርቆት መፈረዱን ያገኘዋል። ከነዚህ ጋር ሲነጻጸር የጠበቃው ዋጋ ትንሹ ወጪ ነው፤ መክፈል ለማይችልም ከላይ የተነገሩት መንገዶች አሉ።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው፦ «ያጠፋ ይቀጣ፤ ሌባን ማስመለጥ ምን የሚሉት ምክር ነው?» ይህ ጥያቄ መልስ ይገባዋል፤ በስርቆት የሚጠረጠር ሰው በበዛ ቁጥር የሚጎዳው የማኅበረሰቡ ስም ነውና። ነገር ግን ቅጣት ከጥፋት ጋር መመጣጠን እንዳለበት ጥያቄ ያለው ሰው የለም። ያው ጃኬት የወሰደ ዜጋ መቀጫ ከፍሎ ሲሄድ፣ ጎረቤቱ ከልጆቹ ተለይቶ ቢባረር ሁለቱ እኩል ተቀጥተዋል ማለት አይቻልም። በፓዲላ ጉዳይ የነበረው ሰው በቬትናም ጦርነት ለአሜሪካ የተዋጋና ከ40 ዓመት በላይ በአገሪቱ የኖረ ቋሚ ነዋሪ ነበር፤ ጠበቃው «ብዙ ስለቆየህ አትጨነቅ» ብሎት ነበር። ፍርድ ቤቱ መባረር ለእንዲህ ያለ ሰው የቅጣቱ አካል፣ አንዳንዴም ዋነኛው አካል እንደሆነ ተቀበለ። ጠበቃ መያዝ ጥፋትን መካድ አይደለም፤ ጠበቃም ውሸት ማቅረብ አይፈቀድለትም። የሚያደርገው ጥፋቱ በሕጉ ልክ እንዲመዘን፣ ከልኩም እንዳያልፍ መጠበቅ ነው። ያጠፋውም ሰው ሊክስ፣ ሊያገለግልና ሊታረም የሚችለው በሚኖርበት አገር ከቆየ ነው።

ስለዚህ መጥሪያ የደረሰው ሰው በዚያው ሳምንት የሚሠራው ግልጽ ነው፦ ወረቀቱ ላይ ያለውን የሕግ አንቀጽ ቁጥርና የቀጠሮውን ቀን ይይዛል፣ ጠበቃ ይጠይቃል፣ የገባበትን ቀንና ፈቃዱን ጽፎ ይሰጠዋል፣ «ይህ ስምምነት በኢሚግሬሽን ምን ያመጣብኛል?» ብሎ በጽሑፍ መልስ እስኪያገኝ ድረስም አይፈርምም።